ነቀዝ ያለባት ሙሽራ

አባቴን ከሞት ያተረፍኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መርፌ አልያዝኩም፣ ነጭ ጋዋን አልለበስኩም፤ ግን በሆስፒታሉ ኮሪደር መሀል ቆሜ፣ እጄን ከፍ አድርጌ «ስጡት!» ባልል ኖሮ ዛሬ ከፈለኝ የሚባል እህል ነጋዴ ዲላ ውስጥ አይኖርም ነበር። ከዲላ እስከ ገደብ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ነው የመጣው፣ ወይ ሳወራ እንቅልፍ ወስዶታል።

ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዓመት አንዴ እውነት መናገር ጤና ነውና፣ አባቴን ለጥቂት ያልገደልኩትም እኔው ነኝ።

ጊዜው ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። የአባቴ እህል ቤት ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነበር። ሺህ ጆንያ ይይዝ ነበር፤ ከጆንያዎቹ አናት ላይ ሲወጡ ጨለለቅቱ ድረስ ይታያል። ባለፈው ሰሞን ሄጄ በእርምጃ ለካሁት። አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ያውም ጠበብ ጠበብ እያደረግኩ ተራምጄ።

እናቴ የሞተችው እኔ አራት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ የሺመቤት ናት። አክስቴ ስትቆጣ የጎረቤት ውሾች ሳይቀሩ ይቀመጡ ነበር። እህል ቤቱን ደግሞ የያዘው ጋሼ ባርናባስ ነው። ጌዴኦ ነው፤ አማርኛን ያወቀው ካደገ በኋላ፣ ከሚዛንና ከጆንያ ጋር ነው። በእኔ ግምት በዓለም ላይ እንደሱ እህል የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። እጁን ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኑ ይከታል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ጆሮውን ጆንያው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ምን ይላል ጋሼ?» እለዋለሁ።

«ዝም ካለ ጥሩ ነው። ካወራ፣ ውስጡ ነቀዝ አለ። ነቀዝ ይበላል፣ ይበላል፣ ከውጭ አታይም። ደግሞ አንዴ ቤት ገባ ማለት፣ አይወጣም። እሱ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው ይሄዳል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ፀሐይ። ማስጣት ነው። ለሰው ግን አይነገርም! ገበያተኛ ከሰማ ማን ይገዛል?»

የዚያን ዓመት ከእህል ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ሸዋአለም የምትባል፣ ሰው ሁሉ ሸዋዬ የሚላት ሴት ተከራየች። ከሰሜን የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ግንባሯ ላይ መስቀል አለ። አንገቷን ዙሪያውን የከበበው ደግሞ አረንጓዴ ነው ስል ሰማያዊ የሚሆንብኝ መስመር ነው፤ በአምስት ረድፍ፣ በየመሀሉ ነጠብጣብ። ስትስቅ ድዷ ጥቁር ነው። እንደሷ ቆንጆ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ስትሰፋልኝ ማንም በማያየው በኩል ትንሽ ኪስ ሠራችልኝ።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ምስጢር ለሌላት ልጅ ኪስ አያስፈልጋትም። አንቺ ግን ያለሽ ትመስያለሽ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለሷ ብዬ እሳት ውስጥ እገባ ነበር። አባቴም የሚገባ ይመስለኛል። የማይቀደድ ሱሪ በየሳምንቱ ይቀደድበት ጀመር።

አክስቴ ነገሩ ሳይገባት አልቀረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን ከእትዬ ሩቂያ ሸቀጥ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከሳሙና ካርቶን ጀርባ መኖሬን ሳታውቅ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«ቀለሙ እኮ ቆዳ ላይ አይቀርም ሩቂያ። ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ደሟ ውስጥ ነው ያለው። ከሷ የሚወለድ ልጅ አንገቱ ላይ ይዞት ነው የሚወጣው።»

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«አይ የሺ! እንደሱማ ቢሆን፣ እኔ በየኢዱ ሂና ስቀባ፣ ልጆቼ ስድስቱም መዳፋቸው ቀይ ሆኖ በተወለዱ ነበር።»

«ያንቺ ይለቃል። የሷ አይለቅም። የማይለቅ ነገር ወዴት ይሄዳል? ወደ ውስጥ ነዋ!»

«ንገሪኝ እስቲ፣ የከፋሽ አንገቷ ነው ወይስ እግሯ ወደናንተ ቤት መቅናቱ?»

አክስቴ ሳሙና ስንት ገባ ብላ ወሬ ቀየረች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የዚያን ወሬ መቀየር ትርጉም አውቀዋለሁ። የራሷን ትዳር ሳትይዝ አምስት ዓመት ሙሉ የወንድሟን ቤት ያቀናች ሴት፣ ሌላ ሴት በዚያ በር ከገባች እሷ በየትኛው በር ትውጣ? የፈራችው ቀለሙን አልነበረም። እኔ ግን የሰማሁት ቀለሙን ብቻ ነው። ሸዋዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ምን?

በዓለም ላይ የውስጥን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሮጥኩ። ጋሼ ባርናባስ ከጆንያዎቹ መሀል ቆሞ እፍኙን ወደ ብርሃን ይዟል።

«ጋሼ፣ እትዬ ሸዋዬ አንገቷ ላይ ምን ሆና ነው?»

ጋሼ ባርናባስ ወደኔ እንኳ ሳይዞር ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር።

«ነቅዟል» አለ። «ውስጡ አልቋል።»

ሰማይ ተደፋብኝ። «ተነቅሳለች» ማለት የፈለገ ይመስለኛል፣ አማርኛው ነው ያሳተው እያልኩ ይህን ክፍል ለሃያ አምስት ዓመት በሠርግም በለቅሶም እሱን እያስመሰልኩ ሳወራው ኖሬያለሁ። ያኔ ግን አማርኛውን አልጠረጠርኩም። የነቀዘ በቆሎ አውቃለሁ፤ ላዩ ያምራል፣ ስትጨብጪው ዱቄት ሆኖ በጣትሽ መሀል ይወርዳል። ሸዋዬ ልትወርድ ነው።

ለሰው አይነገርም። ስለዚህ ማዳን የእኔ የብቻዬ ሥራ ሆነ። በማግሥቱ ሄጄ «እትዬ ሸዋዬ፣ ውጪ ብርሃን ላይ ብትሰፊ ዓይንሽ አይደክምም» አልኳት። ተያይዘን የስፌት መኪናዋን ወደ በሩ አወጣን። ጥላው በመጣ ቁጥር «ወደዚህ፣ ወደዚህ» እያልኩ አስገፋታለሁ። ሦስት ሳምንት አሰጣኋት። መላ ዲላ ይህች ልጅ ምን ሆነች እያለ ይጠያየቅ ነበር፤ ሸዋዬ ግን የጠየቀችኝ እትዬ ሩቂያ ብቻ ናት ትላለች።

መዳን አለመዳኗን ማወቅ ነበረብኝ። ቁልፍ እየተከለች ሳለ ከኋላዋ ሄጄ፣ እጆቼን በትከሻዋ አሳልፌ፣ ጆሮዬን አንገቷ ላይ፣ እዚያው መስመሮቹ ላይ ለጠፍኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዝም አላለም። ድም፣ ድም፣ ድም።

ሸዋዬ መርፌዋን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ እጇን አንስታ ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈችው፤ ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ይርመሰመሱ ጀመር። ነቀዙ እጇ ድረስ ደርሷል ብዬ ደመደምኩ። ሸዋዬ ግን እስከ ዛሬ ያን ቀን «መጀመሪያ ያቀፍሽኝ ቀን» ትለዋለች።

ከዚያ በሳምንቱ አባቴ ጨለለቅቱ ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ ሬኮን አልፎ ባለው ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያሟለጨው መንገድ የተሳፈረባትን የጭነት መኪና አንሸራተታት። እላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፈሰሰው ደም ነው። ከክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሦስት መቶ ሰው ቆሟል። እሺ፣ አምስት።

«ደም ያስፈልገዋል» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ሐያት። «አሁኑኑ። ካላገኘ አንደርስለትም።»

አክስቴን መረመሯት፤ አልገጠመም። ጋሼ ባርናባስን መረመሩት። እጅጌውን እያወረደ፣ ኮፍያውን በእጁ እየጨመቀ ወጣ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ተስማምተን ሠራን» አለ፤ «ደማችሁ አይስማማም አሉኝ።»

ያኔ ሸዋዬ ክንዷን በጥጥ ይዛ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አለች። ሲስተር ሐያት ተከትላት መጣች። «የሷ ገጥሟል። ነይ፣ ግቢ።»

አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። «የሷ አይሆንም!»

«ምን አሉ እናቴ?»

«አንገቷን አታዪም? ቀለም ያለበት ደም ወንድሜ ውስጥ አይገባም። የተነቀሰ ሰው ደም አይሰጥም፤ የታወቀ ነው!»

ይህን ስሰማ አንዱ የነቀዘ ጆንያ ከጤነኛው አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ታየኝ። አባቴ ውስጥ ሲበላ፣ ሲበላ። ምስጢር የሚባለው ነገር ከኪሴ ዘሎ ወጣ።

«ነቅዛለች!» ብዬ ጮህኩ። «እትዬ ሸዋዬ ነቅዛለች! ውስጧ ነቀዝ አለ! ጆሮዬን አድርጌ ሰምቼዋለሁ፣ አንገቷ ላይ! አባቴን ይበሉታል!»

ሸዋዬ አክስቴን አላየችም። እኔን አየችኝ።

«ያን ቀን…» አለች። «ለዚህ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

እጅጌዋን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ለቀቀችው። ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ማንም ቢሆን ይሄድ ነበር፤ እኔ ብሆን ገደብ ደርሼ ነበር። እሷ ግን እጅጌዋን እንደገና እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው።

«ቅጂ ሲስተር» አለች። «ሰውየው ይጠብቃል።»

«በስንት ዓመትሽ ነው የተነቀስሽው?» አለቻት ሲስተር ሐያት።

«ሰባት።»

«ከዚያ ወዲህ መርፌ ነክቶሻል? ሰሞኑን?»

«የልብስ መርፌ ነው የሚነካኝ።»

ሲስተር ሐያት ወደ አክስቴ ዞረች። «እናቴ፣ የሚፈራው መርፌው ነው። ያልተቀቀለ መርፌ በቅርቡ ወግቷት ቢሆን ኖሮ እኔም እምቢ እላለሁ። ይሄ ሃያ አምስት ዓመት ቆዳዋ ውስጥ የተኛ ጥላሸት ነው፤ ከተኛበት ተነሥቶ ደም ውስጥ አይሄድም። ደሟን መርምረነዋል። አሁን ይለፉና ወንድምዎን ላትርፍ።»

አክስቴ ከበሩ ፈቀቅ አለች። እኔ ግን ፈቀቅ አላልኩም። እጆቼን ዘርግቼ «ይነፋ!» አልኩ።

«ምን?»

«መጀመሪያ በወንፊት ይነፋ!»

ጋሼ ባርናባስ ከኋላ በሁለት እጁ አነሣኝ። ሸዋዬ ገባች። እኔ በአየር ላይ እየተራገጥኩ ስንት ሰው እንደመታሁ አልቆጠርኩም፤ የዘበኛው ኮፍያ ግን እኔ ነኝ የጣልኩት። ብዙ ቆይታ ሲስተር ሐያት ወጣችና ጎንበስ አለችልኝ። በእጇ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይዛለች።

«ደም በወንፊት አይነፋም» አለችኝ። «ግን አንቺ እህል ታውቂያለሽ አሉኝ። ነይ መርምሪው።»

ጋሼ ባርናባስ እንደሚያደርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። አረንጓዴ የለውም። ሰማያዊ የለውም። ቀይ ነው፤ በሬኮ በኩል ታኅሣሥ ላይ እንደሚለቀም ቡና ቀይ። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ዝም አለ።

«ነቀዝ የለውም» አልኩ፣ እጄን ከፍ አድርጌ። «ስጡት!»

እነሆ አባቴን ያተረፍኩበት ቅጽበት ይህ ነው። ሲስተር ሐያት ጡረታ ከወጣች በኋላ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ እኔ ፈቃድ ስሰጥ ደሙ አባቴ ክንድ ውስጥ መውረድ ከጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር። ብልቃጡም ለምርመራ የተቀዳው ትርፍ ነው። ይህን ዝርዝር ለሰው አልነግርም።

አባቴ ተረፈ። እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ ቤት ተኛ። እኔም በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥቼ አንገቱን እመረምር ጀመር፤ መስመሮቹ ከየት በኩል እንደሚወጡ ማወቅ ነበረብኝ።

ሸዋዬ ግን አልመጣችም። የስፌት መኪናዋን ወደ ውስጥ መልሳ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሰፋለች። ስምንት ቀን። በዘጠነኛው ቀን ያንን የምስጢር ኪስ ከዩኒፎርሜ ተርትሬ አውጥቼ፣ ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኪሱ አይገባኝም» አልኩ። «ምስጢር አልችልም።»

ከዚያ አለቀስኩ። ዲላ ውስጥ ያኔ ጎርፍ የተነሣው ከእኔ ዕንባ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርቶኑን፣ ባርናባስን፣ ፀሐዩን። ፀሐዩ ላይ ስደርስ የሸዋዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ቀና ስል፣ ያ ጥቁር ድዷ እስኪታይ ትስቃለች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰጣሽኝ!» አለች። «እኔኮ አየር እንድቀበል አስባልኝ ነው ብዬ!»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አንገቷን በጣቴ አስነካችኝ። መስመሮቹ እብጠት የላቸውም፤ እንደ ማንኛውም ቆዳ ለስላሳ ናቸው። ነቃሽ የምትባል ሴት በመንደራቸው ስታልፍ፣ እናቷ ይዛት በመርፌና በጥላሸት እንዳስነቀሰቻት ነገረችኝ።

«ለምን?»

«እንቅርት እንዳይወጣብኝ ብላ።»

«አልወጣብሽም?»

«አልወጣብኝም። ከነቃሿ አምልጣ ጫካ የገባችው እህቴም ላይ አልወጣባትም» አለችና ኪሱን መልሳ ሰፋችልኝ።

በማግሥቱ ቤታችን መጣች። አክስቴ በሩን ከፈተችላት፤ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ረጅም ሰዓት አወሩ። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው። «አንቺ ያቀናሽውን ቤት እኔ ብቻዬን ምን አውቄ እይዘዋለሁ?» ትላለች ሸዋዬ። አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ።

ጀሶው የተፈታ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ፣ ዙሪያውን፣ ሰማያዊ መስመር!

«ወጣ!» ብዬ ቦርሳዬን ወረወርኩት። «ወጣበት! ብያችሁ ነበር!»

አባቴ አንገቱን ዳሰሰ፤ ጣቱ ሰማያዊ ሆነ። ሸዋዬ በአንድ እጇ የልብስ ጠመኔ፣ በሌላው ሜትር ይዛ ከኋላው ቆማለች። ጠመኔውን ሆን ብላ አንገቱ ላይ እንዳዞረችው ያወቅኩት አድጌ ነው። አባቴ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እግሩን እያመመው ይስቃል። አክስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ መስመሩን አየች፣ እኔን አየች፣ መቀመጫ ፈልጋ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ጭኗ ላይ የተጣጠፈ ነጭ ጨርቅ ነበር። የሸሚዝ ጨርቅ ነው፤ እሷው ራሷ መርጣ ያመጣችው። የማንን ሠርግ ሸሚዝ እየለኩ እንደነበር ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም፤ መስመሩን በምራቄ እያሸሁ ነበር።

ወንድሜ ሀብተ ጊዮርጊስ ሲወለድ መጀመሪያ የተቀበለችው አክስቴ ናት። ወንድ ይሁን ሴት ሳታይ በፊት ጨርቁን ገልጣ አንገቱን አየች። ከፊት፣ ከኋላ። «ንጹሕ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሸዋዬ እንደሰማቻት አይታ አፈረችና «ቢኖረውም ያምርበት ነበር» አለች።

ያ ልጅ ባለፈው ዓመት እዚሁ ዲላ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ግቢያችን ሞላ፤ ሁለት ሺህ ሰው። አንዷ የክፍሉ ልጅ፣ አዲስ አበቤ፣ እጇ ላይ ቢራቢሮ ተነቅሳለች። «ግቢ ውስጥ ደም ልገሳ ነበር፤ እኔ ስለተነቀስኩ ለዘላለም አልችልም አሉኝ» ስትል ጆሮዬ ቆመ። ሸዋዬ ክንዷን ያዝ አድርጋ «መቼ ነው የተነቀስሽው?» አለቻት። «ሁለተኛ ዓመት ላይ።» «በይ ሂጂና ጠይቂያቸው። ይሄውልሽ፣ ያ የሚጨፍረው ሽማግሌ በኔ ደም ነው የሚጨፍረው።» አባቴ እውነትም ይጨፍር ነበር፤ በአንድ ደህና እግሩ ከባለ ሁለት እግር ሰው በላይ።

እኔማ እንዲህ ያለ ዕድል አያመልጠኝም። ተነሥቼ ታሪኩን ከነሙሉ ትጥቁ አወረድኩት። የጋሼ ባርናባስን አማርኛ እያስመሰልኩ «ነቅዟል» ስል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼ ባርናባስ ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማንያ አልፎታል። ከዘራውን አነሣ።

«ትርንጎ» አለኝ። «እኔ ያን ቀን በእጄ ምን ነበር የያዝኩት?»

«በቆሎ» አልኩ።

«በቆሎው ምን ሆኖ ነበር?»

የተነሣሁበትን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ነቅዞ ነበር» አለ። «ውስጡ አልቆ። አንቺ የሴትዮ አንገት ጠየቅሽ? እኔ አልሰማሁም፤ ከእህል ጋር ነበርኩ። ሃያ አምስት ዓመት አማርኛ አያውቅም እያልሽ በሰው ፊት ትስቂብኛለሽ። አማርኛዬ ልክ ነበር!»

ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ ይርጋጨፌ ድረስ ተሰምቷል፤ ይህ ማጋነን አይደለም። ዕድሜ ልኬን ሳስቅበት የኖርኩት ሰው ከዘራውን ተደግፎ እኔ ላይ ሳቀብኝ፤ ይገባኛል። እንግዲህ ሸዋዬ ነቅዛለች ያለ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ብቻዬን ነው የፈጠርኩት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሸዋዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታሻሽ ነበር። ከኋላዋ ሄድኩ፣ እጆቼን በትከሻዋ አሳለፍኩ፣ ጆሮዬን እዚያው መስመሮቹ ላይ ለጠፍኩ። ቆዳዋ ተሸብሽቧል፤ መስመሮቹም አብረው ተሸብሽበዋል።

«ዛሬስ ምን ይላል?» አለችኝ።

ድም፣ ድም፣ ድም።

«ነቀዙ አለ» አልኳት። «ጋሼ ባርናባስ አልተሳሳተም። አንዴ ቤት ከገባ አይወጣም።»